ግሪክኛ ያነበብኩበት ዓመት

ሹመት ሁልጊዜ በደብዳቤ የሚመጣ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ብዙዎቻችንን የሾመን ወሬ ነው። አንዱ ስለ እናንተ አንድ ነገር ያወራል፤ ሁለተኛው ጨምሮ ያወራል፤ ሦስተኛው መጥቶ ደጃችሁን ያንኳኳል። ያን ጊዜ «የለም፣ ሰው ተሳስታችኋል» ለማለት ምን ያህል ጨዋነት እንደሚጠይቅ የደረሰበት ያውቀዋል። እኔ ጨዋነቱ አልነበረኝም።

በደርግ ዘመን ላሊበላ ውስጥ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። የሒሳብ አስተማሪ፣ ሌላው ቢቀር፣ ሰባት ስምንት የግሪክ ፊደላት ያውቃል። ማዕዘኑን ቴታ ይለዋል፣ ክብ ካጋጠመው ፓይ ይላል፣ ድምር ሲበዛበት ሲግማን ይጠራል። እኔም ከሰሌዳ ወዲያ ለምንም ተጠቅሜባቸው አላውቅም። ታዲያ አንድ የወላጆች ስብሰባ ቀን ሳልደመስሳቸው ቀርቼ ኖሮ፣ አንድ አባወራ ምን እንደሆኑ ጠየቀኝና የግሪክ ፊደል ናቸው አልኩት። ያልኩት ይኸን ብቻ ነው። በሳምንቱ ግሪክኛ የሚያስተምር ሰው ላሊበላ መጥቷል ተብሎ እስከ ብልባላ ተሰማ።

ቅዳሜ ከገበያ መልስ ቄሰ ገበዝ ፈንታው ቤቴ መጡ። ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ደብር አለ፤ የደብሩ ንብረት በሙሉ በእሳቸው እጅ ነው። ጉዳያቸው እንዲህ ነው፦ ዕቃ ቤታቸው ውስጥ ማንም የማያነበው መጽሐፍ አለ። ኢየሩሳሌም ተሳልሞ የተመለሰ መነኩሴ ያመጣው ነው ይባላል። አሁን ቅርስ የሚመዘግብ ኮሚቴ ከአውራጃው ሊመጣ ነው፤ በውጭ አገር ቋንቋ የተጻፈ ነገር ካገኘ «ለጥናት» እያለ ይወስዳል። እሳቸው ደግሞ ለጥናት ሄዶ የተመለሰ ዕቃ አይተው አያውቁም። እና መጽሐፉ የቤተ ክርስቲያን መሆኑን አንብቦ የሚመሰክር ሰው ይሻሉ።

«ልጄ፣ አንተ ታውቀዋለህ አሉ» አሉኝ።

ምን ልበል? «ትንሽ ትንሽ» አልኩ። በአገራችን «ትንሽ ትንሽ» የሚል ሰው አሳምሮ የሚያውቅ ትሑት ተደርጎ እንደሚወሰድ ጠፍቶኝ አይደለም።

በማግስቱ ማልጄ ሄድኩ። መጽሐፉ ከቆዳ ማኅደሩ ወጣ። ሽፋኑን የእኛው አገር ባለሙያ በእንጨትና በቆዳ ደጉሶታል፤ ውስጡ ግን ብራና ሳይሆን ወረቀት፣ የእጅ ጽሕፈት ሳይሆን የማተሚያ ነው። አንዱን ጥግ አይጥ ቀምሶታል። የመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ላይ የቬኒስ ከተማ ስም በላቲን ፊደል፣ ዓመቱ ደግሞ በሮማውያን ቁጥር ሰፍሯል። ቁጥር እንኳ የእኔ ሙያ ነው፤ ብቀንሰው መጽሐፉ ከታተመ አራት መቶ ዓመት አልፎታል። ጣሊያኖች ማተም ከጀመሩ ብዙም ሳይቆይ የወጣ፣ ዛሬ በገዛ አገሩም በጣት የሚቆጠር መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ካህናቱ ግን ዕድሜው ብዙም አልደነቃቸውም። እነሱ የሚቀድሱት የዚያ እጥፍ ዕድሜ ባለው ዐለት ውስጥ ነው።

ከዚያ ፊደሉ መጣ። የእኔዎቹ ቴታና ሲግማ ሰሌዳ ላይ ለየብቻቸው የሚቆሙ ጨዋዎች ነበሩ፤ እዚህ ግን ተጠላልፈው አንዱ የሌላውን እግር ይዟል። ላብ አጠመቀኝ። ደግነቱ ርእሶቹ በትልልቅ ፊደል ተለያይተው ተጽፈዋል። አንዱን እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እየቆጠርኩ ባወጣው ከቅዳሴ አባቶች የአንዱ ስም ሆኖ ቁጭ አለ። ካህናቱ ስሙን ከአፌ ነጥቀው ጨረሱት። ሌላ ርእስ፣ ሌላ አባት። ቄሰ ገበዝ ብድግ ብለው መጽሐፉን ተሳለሙ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ይኸን ሁሉ ዘመን የቆለፉባቸው የገዛ አባቶቻቸው ናቸው ለካ!

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ክቡር ሰው ሆኜ እቀር ነበር። ግን ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ስለ ሃይማኖት ነው አልኩ፤ ይኸ ውሸት አይደለም። ስለ ጾምስ? ስለ ጾምም አለበት። እስቲ አንብብልን! ጣቴን ገጹ ላይ አሳርፌ ሩብ ሰዓት ያህል ስለ ጾም ተናገርኩ። ከየት አመጣኸው ትሉኝ ይሆናል። ከነሱው ነዋ! በየበዓሉ ደጀ ሰላም ቆሜ የሰማሁትን ስብከት መልሼ አስረከብኳቸው። ከእኛው ጋር አንድ ነው እኮ እያሉ ተደነቁ።

ኮሚቴው በሦስተኛው ሳምንት መጣ። መሪው ጓድ ደምሴ ሶቪየት ኅብረት ስድስት ወር ሠልጥኖ የተመለሰ ካድሬ ነው። እኔም ለምስክርነት ተጠርቼ ከካህናቱ ጎን ቆሜያለሁ። ጓድ ደምሴ መጽሐፉን ገለጠና ፊቱ በራ። የሩስያ ፊደል ከግሪኩ የተወለደ ነው ለካ፤ ካድሬያችንም እንደ እኔው ሰባት ስምንቱን ያውቃቸዋል! ይኸማ የጥንት ሩስያኛ ነው አለ። የወዳጅ ሕዝብ መጽሐፍ ላስታ ድረስ መዝለቁ የወዳጅነታችንን ጥልቀት እንደሚያሳይ፣ ስለዚህም ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን መወሰድ እንዳለበት በሰፊው አብራራ። ጸሐፊው ቅጹን መሙላት ጀመረ።

ቄሰ ገበዝ ወደ እኔ አዩ።

በዚያ ዘመን ካድሬን በሰው ፊት ተሳስተሃል ማለት ምን እንደሚያስከትል ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከዚያ ባነሰ ነገር ደብዛው የጠፋ ሰው አለ። ግን የሽማግሌው ዓይን አልነቀል አለኝ። «ግሪክኛ ነው፣ ጓድ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የእኔ ነበር።

ጓድ ደምሴ ቀስ ብሎ ዞረ። እንግዲያው ይቺን ተርጉም ብሎ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። ተረጎምኩ፤ ስለ ጾም። ካህናቱ ራሳቸውን እየነቀነቁ አጸደቁልኝ። ከዚያ፣ ከየት እንደመጣ በማላውቀው ድፍረት፣ ሩስያኛ ከሆነ ደግሞ ጓድ ራሱ ያችኑ መስመር ቢያነብልን ስል በትሕትና ለመንኩ። ጓድ ደምሴ ገጹን ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ፤ ያን ላብ አውቀዋለሁ። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጨቋኞች እንደሚወድቁና ድሆች እንደሚነሡ የሚናገር መሆኑን አስታወቀ። ቄሰ ገበዝ ፈጠን ብለው «አሜን፤ እሱም አለበት» አሉ።

እንግዲህ መስመሯ አንዲት ናት፤ በእኔ በኩል ጾም፣ በእሱ በኩል አብዮት። ተያየን። በሕይወቴ ከማንም ሰው ጋር እንደዚያ ቀን ተግባብቼ አላውቅም። እኔን ካጋለጠ አብረን እንደምንጋለጥ ገብቶታል። ለጸሐፊው ቋንቋ በሚለው ዐምድ «አከራካሪ»፣ አስተያየት በሚለው ደግሞ «ባለሙያ እስኪያጣራ ባለበት ይቆይ» ብሎ አስጻፈና፣ ነገ ገነተ ማርያም ሥራ እንዳለባቸው ነግሮን ሄደ።

መጽሐፉ ዳነ። እኔ ግን አልዳንኩም። ከዚያ ወዲያ በየወሩ መጨረሻ እሑድ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቀኛል፤ ማንበብ አለብኛ! ግማሽ ቀን በእግሬ ተጉዤ የማላውቀውን ቋንቋ አነባለሁ። ስለ ጾም የማውቀው በሁለተኛው ወር አለቀ። ስለ ምጽዋት፣ ስለ ሐሜት፣ ስለ ትዕግሥት የሚያስተምሩ የአማርኛ መጻሕፍት እየተዋስኩ አጠና ጀመር፤ ለሒሳብ ፈተና እንኳ እንዲያ አላጠናሁም። የከበደኝ ሰዎቹ ከልባቸው ማዳመጣቸው ነው። አንዲት ሴትዮ ባነበብኩት ተነክታ ስንት ዘመን ከተኳረፈቻት ጎረቤቷ ጋር መታረቋን ስትነግረኝ እፍረቱን አልቻልኩትም።

ዓመት ሲሞላ ቄሰ ገበዝን ለብቻቸው አገኘኋቸውና ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ግሪክኛ አላውቅም፤ የማውቀው ፊደሉን ነው፤ እሱንም ለሒሳብ ነው፤ ይኸን ሁሉ ወር አታለልኳችሁ አልኩ። የዝንብ ጭራቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ።

«ታዲያ አንቱ ለምን ዝም አሉኝ?»

የሚያውቅ ሰው አጥተው እንዳልነበር ነገሩኝ። ወደ ሌላ ደብር አንድ የተማረ ሰው ሄዶ፣ የአንዲት ብራና ዕድሜዋንና ብርቅነቷን አንድም ሳይሳሳት ጽፎላቸው ነበር። በወሩ መኪና መጣላት።

«የሚያውቅ ሰው እውነቱን ይጽፋል» አሉ። «እውነቱ የተጻፈ ዕቃ ደሞ እኛ ዘንድ አያድርም።»

ከዚያ ሕዝቡ እየጠበቀህ ነው፣ በል ግባ ብለውኝ ተነሡ። ጥቂት እንደተራመዱ ግን ዞር አሉ።

«ያለፈው ወር ንባብህ ትንሽ ረዘም ብሎ ነበር፤ ዛሬ አሳጥረው።»