ትራክተር የሆንኩ ዕለት

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የሴት ልጅን ታሪክ ከራሷ ከሴቷ በስተቀር አገር ሁሉ ያውቀዋል! አታምኑም? እንግዲያው በደርግ ጊዜ፣ እዚያው አሰላ ውስጥ፣ ትራክተር የሆንኩበትን ቀን ላውጋችሁ። አዎ፣ ትራክተር! ዓይናችሁን አትሹ።

የቴክኒክ ተማሪ ነበርኩ። በእርሻ መካኒክ ክፍል ውስጥ ሴቶቹ እኔና የሳጉሬዋ ጫልቱ ብቻ ነን። ወንዶቹ ሞተር ይፈታሉ፤ እኛ ቡሎን እናጥባለን። ወንዶቹ ሞተር ይገጥማሉ፤ እኛ መፍቻ እናቀብላለን። መምህራችን ጋሽ ተስፋዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። ብቻ "ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" የሚለውን ተረት ከመማሪያ መጽሐፉ አብልጠው ያምኑታል። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ታዲያ ቁርጡን ነገሩን፤ በእጃችን ሞተር አስነስተን ማርክ ካላገኘን ሁለታችንም ወደ ታይፕ ክፍል እንዛወራለን።

"ሞተሩን ይስጡንና እናስነሳ!" ስንላቸው፣ "መጀመሪያ ልምድ ይኑራችሁ" አሉን። ልምዱ ከየት ይምጣ... ከቡሎን እጥበት?

በዚያ ላይ የትምህርት ቤቱ ትራክተር ራሱ ተኝቷል። ጋሽ ተስፋዬ "ባትሪ ነው" ብለው ስለፈረዱበት፣ ወንዶቹ ይነሳ እንደሆነ ብለው ቁልቁለቱን እየገፉ ያወርዱታል፤ እንቢ ሲል በበሬ አስጎትተው ይመልሱታል። በሬ ትራክተር ሲጎትት አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሬዎቹ እንኳ እየዞሩ ያዩን ነበር። እኔ የናፍጣ ማጣሪያውን ሳጸዳ ቡሎኑ መላላቱን አይቼ፣ "ጋሼ፣ የናፍጣ መስመሩ አየር ስቧል" ብላቸው፣ "አንቺ ቡሎንሽን እጠቢ!" አሉኝ። አጠብኩ።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ካድሬው ጓድ አበራ መጡ። የሴት ተማሪዎች ገጠመኝ በታሪክ መልክ ተተርኮ ይቅረብ የሚል መመሪያ ከላይ ወርዷል። ተመስገን! በውይይት ክበቡ ፊት ተነስቼ የሆዴን ዘረገፍኩት። ጓድ አበራ አገጫቸውን እያሻሹ አዳመጡኝ።

"ታሪኩ ጥሩ ነው። ግን ብሶት በዛበት።"

"የኔው ታሪክ ነው እኮ፣ ጓድ!"

"የግል ታሪክ የሚባል የለም። ታሪክ የሰፊው ሕዝብ ነው።"

ሰፊው ሕዝብ ታሪኬን ወረሰኝ። እጅ እያወጣ አሻሻለው፣ አሳጠረው፣ መፈክር ጨመረበትና ለኪነት ቡድኑ ሰጠው። ቲያትር ሊሆን ነው! እኔን ሆኖ የሚጫወተው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የክፍላችን ሪዛሙ ግርማ! "የመድረክ ልምድ አለው" ተብሎ፣ የእህቱን ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ እኔን ሆነ።

"እኔስ?" አልኩ።

"አንቺማ ትልቅ ቦታ ነው ያለሽ" አሉ ጓድ አበራ። "ትራክተሩ አንቺ ነሽ።"

ጫልቱ ደግሞ ከኋላዬ አመድ እየበተነች ጭስ እንድትሆን ተመደበች። "ማል ጎና! ምን እናድርግ እንግዲህ" አለችኝ፤ "ዛሬ ገና ሞተር ላይ ተመደብን!"

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ከሮቤና ከሲሬ ሳይቀር እንግዳ ተጠርቷል። እኔ ቀይ ቀለም በተቀባ ካርቶን ውስጥ ተቀርቅሬያለሁ። ግርማ ቀሚሱን ሰብስቦ መጣና ቁልፍ የሚያዞር መስሎ "ተነሳ!" አለ። በድርሰቱ መሠረት "ድርርር" ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ላይ ደርሶም ነበር። ግን ያን ሪዝ በካርቶኑ ቀዳዳ አየሁትና አንጀቴ አረረ። በቃል ትእዛዝ የሚነሳ ትራክተር የት አገር አለ? እንቢ አልኩ።

"ተነሳ!"

ካርቶኔን አጥብቄ ያዝኩ።

"ኧረ ተነሺ፣ አታዋርጂኝ" አለ ግርማ በሹክሹክታ።

ጓድ አበራ ከፊት ወንበር ብድግ ብለው ግራ እጃቸውን አነሱ። "ጓድ ትራክተር! በአብዮቱ ስም ተነሺ!"

"አልችልም፣ ጓድ!" አልኩ ከካርቶኑ ውስጥ። "የናፍጣ መስመሬ አየር ስቧል! የማጣሪያዬ ቡሎን ላልቷል! አየሩን በፓምፕ አስወጥታችሁ ካላጠበቃችሁልኝ ብትገድሉኝም አልነሳም!"

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ጋሽ ተስፋዬ ግን አልሳቁም። "ቆይ፣ ቆይ... ምን አለች ትራክተሯ?" ብለው ወደ ጓሮ ሮጡ። ሕዝቡ ተከተላቸው። እኔም ከነካርቶኔ!

እውነተኛው ትራክተር ዘንድ ደርሰው ቡሎኑን በጣታቸው ነካ ቢያደርጉት ተወዛወዘ። ጓድ አበራ ወዲያው መመሪያ ሰጡ። "ትራክተሯ ራሷ ትሥራው! የትራክተርን ችግር የሚያውቅ ትራክተር ነው!"

ጫልቱ ፓምፑን ገፋች። መፍቻውን ያቀበለኝ ማን መሰላችሁ? ግርማ፣ በነቀሚሱ! የናፍጣው አረፋ እስኪያልቅ ጠብቄ ቡሎኑን አጠበቅኩና ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ቁልፉን ሳዞረው... ድርርርር! ጫልቱ በደስታ አመዷን ሁሉ በተነችው፤ ጓድ አበራ ነጭ ሆነው ቀሩ። ቢሆንም አላቆሙም። "ትራክተር ትራክተርን ሲያደራጅ አያችሁ!" ብለው አስጨበጨቡ።

ጋሽ ተስፋዬ የሁለታችንንም ማርክ እዚያው ጻፉልን። ታይፕ ክፍል ደህና ሰንብች! ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው አመዱን እየጠረጉ በእውነተኛ ቅሬታ አዩኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ይህን እያወቅሽ ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?"

"ነግሬዎት ነበር፣ ጋሼ" አልኳቸው። "ያኔ ግን ሰው ነበርኩ።"