በመርከብ ሥርዓት የተጠየቀች ሙሽራ

አንገት መድፋት ትርጉሙ እንደ አገሩ ነው። በእኛ ቤት አንገቷን የደፋች ልጅ ማለት ጨዋ ልጅ ማለት ነው። እንግዳ ሲመጣ እናቴ እኔን እያሳየች፣ «ይቺማ ቃል አይወጣትም» ትላለች፤ ሜዳሊያ እንደማሳየት ያህል። ትምህርት ቤት ስሄድ ግን ያው አንገት ጥፋት ይሆናል። መምህሬ «ሳናግርሽ ዓይኔን እዪ እንጂ!» ትለኛለች፤ አንድ ጊዜማ ወላጆቼን ጠርታ «ልጃችሁ የምትደብቀው ነገር አለ ወይ?» ብላ ጠይቃለች። ምንም አልደብቅም። ጫማዬን ነው የማየው። «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው እና መምህሬ ቢገናኙ ሳይግባቡ አይቀሩም።

እንግዲህ አሥራ ስድስት ዓመት አንገቴን ደፍቼ ስለኖርኩ፣ ስለ ጉዳዩ ትንሽ ለመጻፍ መብት አለኝ ብዬ አሰብኩ። ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ካበላሸሁ እናንተም እንዳላየ ሆናችሁ እለፉኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከባሕር ነው። የመጣንበት አገር ባሕር የለውም። ጆሃንስበርግም ባሕር የላትም፤ ደርባን ድረስ ግማሽ ቀን መንዳት ያስፈልጋል፣ አባቴ ደግሞ ሱቅ ዘግቶ ውኃ ለማየት የሚሄድ ሰው አይደለም። ይህ ሁሉ ሆኖ ከቤተሰባችን አንድ መርከበኛ ወጣ። የአክስቴ ልጅ ዮናታን ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ገባና አውሮፕላን ተሸካሚ የጦር መርከብ ላይ ተቀጠረ። ወሬው እኛ የምንኖርበት ትሮይቪል ሲደርስ ዮናታን አብራሪ ሆኖ ነበር። ጻካኔ የሚባለው ሰፈር ካሉ ዘመዶቻችን ዘንድ ሲደርስ ደግሞ የመርከቡ አዛዥ ሆኖ አገኘነው። ወሬ ከመርከብ ይፈጥናል።

ባለፈው ነሐሴ ለእረፍት እናቱ ዘንድ፣ ማለትም እኛ ቤት መጣ። ሰው ሁሉ ሊጠይቀው ተሰበሰበ። አጎቴ ጋሽ ኤርጫፎ በክብር አጠገባቸው አስቀመጡትና፣ «እሺ፣ እንዴት ነው ማብረሩ?» አሉት።

«አይ ጋሼ፣ እኔ አላበርም። አስራለሁ።»

«ማንን?»

«አውሮፕላኑን። ሲያርፍ ጎማው ሥር ታኮ አስገብቼ፣ በሰንሰለት ከወለሉ ጋር አስረዋለሁ። መርከብ ይወዛወዛል፤ ካልታሰረ ተንሸራቶ ባሕር ይገባል።»

ጋሽ ኤርጫፎ ወንበራቸውን ትንሽ ራቅ አደረጉ። እናቱ፣ አክስቴ አማረች፣ ነገሩን ለመሸፈን ወጥ ጨመረችለት። «አያትህ በቅሎ አሰሩ፣ አንተ አውሮፕላን አሰርክ» አለች ቀስ ብላ። «ዕድገት ነው።»

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከአብራሪ ወሬ ይልቅ የአሳሪ ወሬ ይጥማል። መርከቡ ውስጥ አንድ ቀበሌ የሚያክል ሕዝብ ይኖራል አለን፤ ጥርስ ሐኪም፣ ፖስታ ቤትና ፀጉር ቆራጭ ሳይቀር አለው። የሚተኛው ሦስት ፎቅ ካለው አልጋ መካከለኛው ላይ ነው፤ ሲገላበጥ ትከሻው የላይኛውን ሰው አልጋ ይነካል። አውሮፕላን የሚያርፈው ከአልጋው በላይ ስለሆነ፣ ጣሪያው በየጊዜው የወደቀ ይመስላል። እዚያ ለወራት ተኝቶ፣ እኛ ቤት የመጀመሪያ ቀን የጎረቤት ውሻ አላስተኛው አለ። መርከቡ ሆድ ውስጥ የሚሠሩት ደግሞ ለሳምንታት ባሕሩን አያዩትም አለን፤ እናቴ «ታዲያ ከእኛ በምን ይሻላሉ?» አለች።

ከላይ፣ አውሮፕላኑ የሚያርፍበት ሜዳ ላይ፣ ሰው የሚታወቀው በሸሚዙ ቀለም ነው። ቢጫ የለበሰው አውሮፕላኖቹን ይመራል፣ ሐምራዊው ነዳጅ ይሞላል፣ ሰማያዊው እንደ ዮናታን ያስራል። ጩኸቱ ጆሮ ስለሚደፍን የሚነጋገሩት በእጅ ነው። ዮናታን ይህን አመል ይዞት መጣ። አክስቴ «ልጨምርልህ?» ስትለው ጡጫውን ከፍ አድርጎ ይጨብጣል፤ «ፍሬን ያዝ» ማለት ነው። አክስቴ ግን የሰማያዊ ሸሚዝ ሥልጠና ስለሌላት ትጨምርለታለች።

ከሁሉም የገረመን የጠዋቱ ሥራ ነው። አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት፣ ከአለቃ እስከ ሳህን አጣቢ፣ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ተሰልፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከመርከቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብሎ ይራመዳል። የወደቀ ብሎን፣ ሽቦ፣ ጠጠር ይለቅማሉ። ሞተሩ አንዲት ብሎን ከሳበ አለቀለት። ያገኘ ሰው እጁን ያነሳል፣ ሰልፉ ይቆማል፣ ዕቃው ይነሳል፣ ሰልፉ ይቀጥላል።

እናቴ ረጅም ጊዜ አሰበችና፣ «መጥረጊያ የላቸውም?» አለች።

እኔ ግን ልቤ ደነገጠ። አንገት መድፋት ሥራ የሆነበት ቦታ በዓለም ላይ አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ። ተመስገን ህሊናን መውደድ ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። እሷም ትወደዋለች። ችግሩ አባቷ ዶክተር አለባቸው ናቸው። እሳቸው ትልቅ ሐኪም፣ እኛ ኮዝሞ ሲቲ ውስጥ ሱቅ ያለን፤ እነሱ ከጎንደር በኩል፣ እኛ ከሆሳዕና በኩል። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልከን ሁለቱንም ጊዜ «እናስብበት» ብለውናል። ሐኪም «እናስብበት» ሲል ምን ማለት እንደሆነ የታመመ ሰው ያውቀዋል። ሦስተኛው ጉዞ የመጨረሻው ነበር፤ ሦስቴ የተመለሰ ሽማግሌ አራተኛ አይሄድም። ተመስገን መብላት አቆመ። ሱቅ ውስጥ አንዲት ጎጎ፣ የዘወትር ደንበኛችን የሆኑ አሮጊት፣ ዳቦ ቢጠይቁት ሻማ ሰጣቸው። ሻማውን ገልብጠው አዩትና፣ «ይህ ልጅ ይጸለይለት» ብለው ሄዱ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ተነሱ። ዋናው ተናጋሪ ጋሽ ኤርጫፎ ናቸው፤ ጋሽ ደበበና አንድ ዝምተኛ ጓደኛቸው ይከተሏቸዋል። ተመስገን በወጉ መሠረት ቤት ቀረ። የሚነዳው ዮናታን ሲሆን፣ አሜሪካ በቀኝ መንዳት ስለለመደ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ «ግራህን!» እንድል ተመደብኩ። በዚያ መንገድ ላይ የተናገርኩት ቃል ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ከተናገርኩት ይበልጣል።

የዶክተር ግቢ ሰፊ ነው። በሩ ራሱን በራሱ ከፈተልን። ከበሩ እስከ በረንዳው ድረስ ነጭ፣ ደቃቅ ጠጠር ተነጥፏል። የነሐሴ ንፋስ ደግሞ የጆሃንስበርግን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ መጣ። ጋሽ ኤርጫፎ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከዚያም አነጠሱ።

የፊት ጥርሳቸው ወጥታ ሄደች።

እኔም እስከዚያች ደቂቃ ጥርሷ ሰው ሠራሽ መሆኗን አላውቅም ነበር። ነጭ ጥርስ፣ ነጭ ጠጠር ላይ! ጋሽ ኤርጫፎ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። «ያለሷ አንዲት ቃል አልናገርም» አሉ በነጠላው ውስጥ። «እንመለስ።»

«ሦስተኛችን ነው እኮ!» አሉ ጋሽ ደበበ። «ከደጅ ከተመለስን አለቀ።»

«ታዲያ አንተ ተናገራ!»

«እኔ? እኔ ለአጃቢነት ነው የመጣሁት።»

ያን ጊዜ ዮናታን ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አጣመረ። ማንም አልገባውም፤ ግን ሁሉም ቆመ። «ማንም እንዳይንቀሳቀስ» አለ። «ትከሻ ለትከሻ ተሰለፉ። እጅ ወደ ኋላ። ዓይን መሬት። ያገኘ እጁን ያንሳ።»

ሦስት ሽማግሌ፣ አንድ መርከበኛና እኔ ተሰለፍን። ቀስ ብለን ከበሩ ወደ በረንዳው ተራመድን። ንፋሱ ነጠላውን ያርገበግባል። «ሁለት ጊዜ እምቢ ተባልን» አሉ ጋሽ ደበበ ቀና ሳይሉ፣ «አሁን ደግሞ ጠጠር ልንለቅም።» በረንዳው ጋ ደረስን፤ የለችም። ዮናታን አዞረን። ከበሩ ደግመን ጀመርን።

በመስኮት እየታየን እንደነበር ያወቅነው ኋላ ህሊና ስትነግረን ነው። እናቷ መጋረጃውን ገልጣ ካየችን በኋላ ባሏን፣ «የአገራቸው ሥርዓት መሆን አለበት። ሽማግሌ አንገቱን ደፍቶ በንፋስ እየተመላለሰ አንተ ቆመህ ታያለህ? ውረድ እንጂ!» ብላቸዋለች።

ወረዱ። መጥተው ከሰልፉ ጫፍ፣ ከእኔ አጠገብ ቆሙ። እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። አንገታቸውን ደፉ። አብረውን መራመድ ጀመሩ!

ሌላው ሁሉ ቀና አላለም። አምስት እርምጃ ያህል ሄድኩ፤ በስድስተኛው ጥርሷን አየኋት። ከዶክተሩ ጫማ ፊት ለፊት፣ አንዲት ጣት ርቀት ላይ። ሕጉ እጅሽን አንሺ ይላል። እኔ ደግሞ መልሱን እያወቅኩ እንኳ ክፍል ውስጥ እጄን አንስቼ አላውቅም። ዶክተሩ እግራቸውን አነሱ። ሊረግጧት ነው። ሌላ ነገር አልታየኝም፤ በጉልበቴ ተንበርክኬ እግራቸው ሥር ተደፋሁና ጥርሷን ጨበጥኳት።

ሰልፉ ቆመ።

«ተነሺ» አሉኝ ዶክተሩ። ጎንበስ አሉ። «ተነሺ ልጄ፣ እኔ ማን ነኝና እግሬ ላይ የምትወድቂ? ለወንድምሽ ብለሽ ነው?»

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፣ እንደ ልማዴ ምንም አልወጣም። ሁለት እጃቸውን ሰጥተው አነሱኝ፤ እኔ አንዱን ብቻ ያዝኩ፣ ሌላው እጄ ውስጥ የአጎቴ ጥርስ ነበረች።

ሳሎን ገባን። በወጉ ጋሽ ኤርጫፎ ቆመው መናገር ነበረባቸው። ቆሙ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ ዶክተሩን በሐዘን ተመለከቱ፣ ምንም አላሉም። ጥርሷን ላቀብላቸው በሶፋው ጀርባ እጄን ስዘረጋ፣ ዮናታን ወደ እኔ ዞሮ ጡጫውን ጨበጠ። ፍሬን ያዝ። ያዝኩ።

ባለፉት ሁለት ጉዞዎች ጋሽ ኤርጫፎ በምሳሌና በተረት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ተናግረው የተሰጣቸው «እናስብበት» ብቻ ነበር። ዛሬ ዶክተሩ ራሳቸው ተነሱ። «እስከ ዛሬ ልጄን የምትጠይቁኝ በአፍ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ይበቃል ጋሼ፣ ይቀመጡ። ሰጥቻለሁ።» የህሊና እናት እልል አለች።

በእልልታው መሐል ጋሽ ኤርጫፎ ጥርሳቸውን ከእጄ ተቀብለው እጅ መታጠቢያ ቤት ደርሰው መጡ። ፈገግ ሲሉ ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም። ዶክተሩ ጠጋ ብለው፣ «የእናንተን ወግ ማጉደል አልፈልግም፤ ይህ ሰልፍ በሠርጉም ቀን አለ?» ብለው ጠየቁ።

ጋሽ ኤርጫፎ ወደ ዮናታን አዩ፣ ወደ እኔ አዩ።

«አለ» አሉ።

መኪና ውስጥ ጋሽ ደበበ ሲወቅሷቸው፣ «በሠርጉ ቀን አለ ወይ አለኝ፣ አለ አልኩ። የማን ሥርዓት ነው ብሎ አልጠየቀኝም» አሉ። ተመስገን በሩ ላይ ሲጠብቀን፣ ዜናውን ሰምቶ ሳህን ሙሉ ቀዝቃዛ ፓስታ ቆሞ በላ።

ሠርጉ ጥቅምት ላይ ሆነ። ዮናታን አውሮፕላኑን ሊያስር ተመልሶ ሄዷል። የአዳራሹን ግቢ የጃካራንዳ አበባ ሸፍኖታል። ሁለቱ ቤተሰብ፣ ሚዜዎቹ ሳይቀሩ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው በሐምራዊው ምንጣፍ ላይ ተራመዱ። አንዳንዶች አለቀሱ። እኔ ከዶክተሩ አክስት ከእማማ ጥሩነሽ አጠገብ ነበርኩ፤ ለሠርጉ ከጎንደር የመጡ ሰማንያ ያለፋቸው እናት ናቸው። ይታዘቡን ይሆን ብዬ በጎን አየኋቸው።

«ይሄማ የድሮ የእኛ ሥርዓት ነው» አሉኝ። «በእኛ ጊዜ ግን እንዲህ አይሮጥም ነበር፤ ቀስ ተብሎ ነበር የሚኬደው።»