በወሬ ፍጥነት

በእኛ በከሚሴ ጎልማሳ አይሮጥም። ሕግ ወጥቶበት አይደለም፤ የሚያስሮጥ ጉዳይ ስለሌለ ነው። ልጅ ይሮጣል። ወደ ሰንበቴ ገበያ ሲነዳ ገመዱን የበጠሰ ግመል ይሮጣል፤ ባለቤቱም ከኋላው ይሮጣል፤ ይህ የታወቀ ነው። ከዚህ ውጭ ግን ሚስት ያገባ፣ ጺሙ ሽበት የጀመረው፣ በሰው ፊት የሚከበር ወንድ በማለዳ አስፋልት ዳር ሲሮጥ ከታየ ነገሩ አንድና አንድ ነው፤ ሰው ሞቷል፣ ሯጩም ዘመድ ሊያረዳ እየሄደ ነው። መርዶ የያዘ ሰው በምን ይታወቃል ብትሉኝ፣ ሰላምታ ሳይሰጥ በማለፉ ነው። የያዘው ነገር ከብዶት ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። እንግዲህ እኔ በዚህች ከተማ፣ ማንም ሳይሞት፣ ለጤናዬ ብዬ መሮጥ ጀመርኩ። ምን ታይቶኝ እንደሆነ አላህ ይወቀው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሙሄ ሰፊው ብትሉ ቤቴን የማያሳያችሁ የባጃጅ ሹፌር የለም። ጀለቢያ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የመጣውን እሰፋለሁ። ታዲያ አንድ ሰሞን የውሃ ጥሙና ድካሙ ሲብስብኝ ደሴ ሄጄ ተመረመርኩ። ሐኪሙ ውጤቱን አየት አድርጎ ስኳርህ ከፍ ብሏል አለኝ። እንቅስቃሴ ታደርጋለህ ወይ ብሎም ጠየቀኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ፔዳል ስረግጥ ነው የምውለው አልኩት። ተቀምጦ የሚረገጥ ፔዳል አይቆጠርም አለ። እስከዛሬ የረገጥኩት መንገድ ላይ ቢዘረጋ መካ ደርሼ በተመለስኩ ነበር፤ ግን አልተቆጠረም። ኪኒን ሰጠኝና፣ እስከ አረፋ በዓል ድረስ ሰውነቴን አንቀሳቅሼ ስኳሩን ካላወረድኩ መርፌ እንደሚያስጀምረኝ ነግሮ ሸኘኝ።

መርፌ ለእኔ ብርቅ አይደለም፤ የዕለት ጉርሴ ነው። ግን እኔ የማውቀው ጨርቅ ሲወጋ ነው። ሆድ ሲወጋ ያየሁት በወንድሜ ነው። አያ ሰይድ ታላቄ ነው፤ አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። የሚኖረው ከቦርከና ድልድይ ማዶ ነው። ስኳር ከያዘው ቆይቷል፤ ጠዋትና ማታ መርፌ ይወጋል፣ ከግራ እግሩም ሁለት ጣት ተቆርጦበታል። ድሮ ከገበያ ገበያ በሬ ሲነዳ ይውል የነበረ ሰው፣ አሁን ከደጁ የማይርቅ ባለ ምርኩዝ ሆኗል። በማለዳ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ቀድማ እሱ ቤት ትደርሳለች። ስለዚህ ሐኪሙ መርፌ ሲል የታየኝ የአያ ሰይድ እግር ነው። ፈራሁ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ፍርሃቴን የሰማችው የሚስቴ የሐዋ እህት ከዱባይ ስትመጣ አንድ ጥቁር የጎማ ሰዓት አመጣችልኝ። ሰዓት በሉት እንጂ ሰዓት መቁጠር ትንሹ ሥራው ነው። ከሆዱ ሥር አረንጓዴ መብራት እያበራ የልብ ምት ይለካል፣ እርምጃ ይቆጥራል፣ እንቅልፍ ይመዝናል፣ ሲያሻው ደግሞ እጅ ላይ እየተንዘረዘረ ያዛል። አሠልጣኝ አለው ተባልኩ፤ አሠልጣኙም ራሱ ሰዓቱ ነው። ሐዋ ሌሊት ሲያበራ አይታ፣ ጂን አስረህ አትተኛም ብላ ለጥቂት ቀን ፊቷን አዞረችብኝ። እህቷ ግን የልምምዱን ፕሮግራም ሞልታልኝ፣ በየማለዳው የሚልህን አድርግ ብላኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የመጀመሪያው ትእዛዝ በእንግሊዝኛ መጣ። እኔ አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ለእንግሊዝኛ አስተርጓሚ አልለምንም። በኮንቨርሴሽን ፔስ ሩጥ ይላል። ኮንቨርሴሽን ወሬ ነው። ፔስ ፍጥነት ነው። በወሬ ፍጥነት ሩጥ ማለት ነው። ደነገጥኩ። ይህ መሣሪያ ከሚሴን ያውቃታል እንዴ? እዚህ ከወሬ የሚፈጥን ምን አለ? ጨፋ ሮቢት ላይ ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ ሚኒባሱ ገና ሰው እየጫነ እኛ ጋ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ተፈርዶ ያልቃል። በዚያ ፍጥነት ሩጥ መባል ለወጣትም ይከብዳል። ግን መርፌው አለ፤ ምን አማራጭ ነበረኝ?

ከተረፈ የዩኒፎርም ጨርቅ ሰማያዊ ቱታ ለራሴ ሰፋሁ። ከኋላ ያየኝ ትምህርት የረፈደበት ተማሪ ይለኛል፤ ከፊት ያየኝ ደግሞ ክፍል ሲደግም የኖረ። በዚያ ቱታ እንደ ወሬ በረርኩ። ልቤ ደረቴን ልትሰነጥቀው ስትደርስ ሰዓቱ ይንዘረዘርና፣ ቀይ ሆኖ፣ ሃይ የሚል ይጽፋል። ሃይ ማለት ከፍተኛ ማለት ነው። በተማሪነቴ ከፍተኛ የሚባል ውጤት በስሜ ተጽፎ አላየሁም። እንኳን ደስ ያለህ የሚለኝ መስሎኝ ጨመርኩለት።

ችግሬ ሰላምታው ነበር። ሰላምታ በእኛ ዘንድ ቃል አይደለም፣ ጉባኤ ነው። በአሰላሙ አለይኩም ይከፈታል፤ እጅ ይያዛል፤ አንዴ የተያዘ እጅ ደግሞ በዋዛ አይለቀቅም። በኦሮምኛ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ ትባላለህ፤ ነጋ፣ ሰላም ነው ትላለህ። ማቲን ነጋ? ቤተሰቡም ነጋ፣ ሰላም ነው። ሆሪን ነጋ? እኔ እንኳን ከብት በግም የለኝም፤ ቢሆንም ነጋ። አለቀ ብለህ እግርህን ስታነሳ በአማርኛ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ሁለት ቋንቋ ያለው ሰው በአንዱ ደህንነትህን ጠይቆ በሌላው ዝም ቢልህ ያኮረፈህ ይመስላል። ሰዓቱ ይህን ሁሉ አያውቅም። በቆምኩ ቁጥር ልምምዱን አቋርጦ ይጠብቀኛል፤ መጨረሻ ላይ ሲመዝነኝ ከሩጫዬ መቆሜ ይበልጣል። አንድ ቀን ጭራሽ አንፕሮዳክቲቭ ብሎ ጻፈብኝ። ፍሬ የለሽ ማለት ነው። ልጆች ወልጄ፣ ከተማውን ሙሉ አልብሼ፣ በጎማ ፍሬ የለሽ ተባልኩ።

አረፋ እየቀረበ ነበርና ቆረጥኩ። ነገ ከቤቴ እስከ አያ ሰይድ ደጅ፣ ማንም ቢመጣ ሳልቆም እሮጣለሁ አልኩ።

በነጋታው ሱብሂን ቤቴ ሰግጄ ወጣሁ። ሰው ከመስጊድ እየወጣ ጫማውን ያጠልቃል። ከፊት ሐጂ አሊዬ ቆመዋል። ሐጂ አሊዬ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ያላስታረቁት ጎረቤት፣ ያልሸኙት ሬሳ የለም። አሰላሙ አለይኩም አሉኝ። ሰላምታ ማቅረብ ሱና ነው፤ መመለስ ግን ግዴታ ነው፤ ይህን ልጅም ያውቀዋል። ልመልስ አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም። ትንፋሽ ያለቀበት ሰው ድምፅ ከየት ያመጣል? ከንፈሬን አንቀሳቅሼ፣ በእጄ ወደ ድልድዩ አመልክቼ፣ ላብና እንባ በማይለይበት ፊት አልፌያቸው ሄድኩ።

እስቲ ሐጂ አሊዬን ሁኑና አስቡት። ሙሄ ሰፊው ይሮጣል። ሰላምታ አልመለሰም። ወደ ድልድዩ አመልክቷል። ከድልድዩ ማዶ ማን አለው? ስኳር የያዘው ወንድሙ። ሐጂ ሞት ሲሰማ የሚባለውን፣ ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አሉ። ከዚያ በኋላ ጫማ ሲያጠልቅ የነበረው ሁሉ ስልኩን አወጣ።

እኔ ምኑንም አላወቅኩም። ስልኬን እንዳይከብደኝ ቤት ትቼዋለሁ። ባጃጆች ሰው ጭነው በአጠገቤ ሽው እያሉ ሲያልፉ የገበያ ቀን መሰለኝ። ከአንዷ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ብቅ ብለው፣ አብሽር ሙሄ፣ አብሽር፣ ጠንከር በል አሉኝ። በጣም ደስ አለኝ። ይኸው ከተማው የሩጫን ጥቅም ተረዳ፣ አበረታችም አገኘሁ ብዬ ፍጥነት ጨመርኩ።

አያ ሰይድ ደጅ ስደርስ ሰው ሞልቷል። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። አካፋና ዶማ የያዙ ወንዶች አሉ። አንዷ ባጃጅ ላይ የመስጊዱ ቃሬዛ ታስሯል። ታሪኬን ስትከተሉ የመጣችሁ እናንተ ነገሩ ገብቷችኋል፤ እኔ ግን አልገባኝም። የታየኝ አንድ ነገር ነው፤ ወንድሜ ሞቷል፣ አገር ሁሉ ሰምቷል፣ እኔ የእናቱ ልጅ ብቻ ሰማያዊ ቱታ ለብሼ ስሮጥ ነበር። መሬት ላይ ዘፍ ብዬ ወንድሜን፣ አባቴን እያልኩ አለቀስኩ። ምናልባት ሞቱን የሚጠራጠር አንድ ሰው ቀርቶ ከነበረ በእኔ ልቅሶ እሱም አመነ።

ለምን ገብተው አላዩም ትሉኛላችሁ። የአያ ሰይድ ሚስት ልጇን ልትጠይቅ ጨፋ ሮቢት ሄዳ ነበር፤ በሩ ከውስጥ ተዘግቷል። ሬሳ ያለበትን ቤት ደግሞ ከቤተሰቡ በፊት ደፍሮ የሚከፍት የለም። ለካ ሲጠብቁ የነበሩት እኔን ነው። እኔ ደግሞ አልቅሼ መነሳት አቃተኝ።

በሩ ራሱ ተከፈተ። አያ ሰይድ ምርኩዙን ይዞ፣ መፋቂያውን ጥርሱ ላይ እንዳደረገ ብቅ አለ። ጓሮ ፍየሎቹ ጋ ነበር። ሕዝቡን አየ፣ ቃሬዛውን አየ፣ መሬት ላይ የተዘረፈጥኩትን እኔን አየ።

"ማነው የሞተው?" አለ።

ማን ይመልስለት? ለሟች ሞቱን ማርዳት የሚያውቅበት ሰው በመካከላችን አልነበረም። ሴቶቹ ያዘቀዘቁትን ነጠላ መለሱ፤ አካፋ የያዙት አካፋቸውን ከኋላቸው ደበቁ። አያ ሰይድ ሲደነግጥ ቋንቋው ይለወጣል። "ሙሄ፣ ኤኙቱ ዱኤ? ማን ሞቶ ነው፣ ንገረኝ" አለኝ። እኔ በሕይወት ቆሞ ሳየው የደስታው እንባ ከፊተኛው ባሰ፤ ቃል አልወጣኝም። መልስ ሲያጣ ምርኩዙን ጥሎ አጠገቤ ተቀመጠ፣ አንገቴን አቅፎም አብሮኝ አለቀሰ። ለራሱ ለቅሶ ከልቡ ያለቀሰ ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

ነገሩ የተጣራው ከብዙ ማልቀስ በኋላ ነው። የመጣ ሰው ባዶ አፉን አይመለስምና አያ ሰይድ ሻይ አስፈላ። በስኳር በሽተኛ ቤት ግን ስኳር አይገኝም። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ መራራ ሻይ እየጠጣ ግንባሩን ቋጠረብኝ። ሐጂ አሊዬ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። መሮጥ የለብህም ሊሉኝ ነው ብዬ ስለ ሐኪሙና ስለ መርፌው፣ ስለ አያ ሰይድ እግርም ጭምር ተናገርኩ።

"ሩጥ ልጄ" አሉ። "ሰላምታ የማያስመልስ ሩጫ ግን ሩጫ አይደለም፣ ሽሽት ነው። ትንፋሽህ ወአለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ እስኪል ካልበቃህ፣ ቀስ በል።"

በማግስቱ እንደተባልኩት ቀስ አልኩ። ሐጂ አሊዬ መስጊዱ በር ላይ ቆመው ሰላም አሉኝ፤ ሳልቆም እስከ ወበረካቱህ ድረስ መለስኩ። አላመኑኝም መሰለኝ፣ ከጎኔ እየተራመዱ የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ በኋላም በአማርኛ ሁሉንም ጠየቁኝ። መለስኩ። እውነቱን ልናገርና ምርኩዛቸውን ይዘው ትንሽ ቀደሙኝ። ሰዓቱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አልተንዘረዘረም። አረንጓዴ ሆኖ ጎበዝ አለኝ። ግራ ገብቶኝ ዱባይ ደወልኩ። የሐዋ እህት ካርዴ ሊያልቅ እስኪደርስ ሳቀች። ኮንቨርሴሽን ፔስ ማለት እያወሩ የሚሮጡበት ፍጥነት ነው አለችኝ። ወሬ ማውራት እየቻልክ ሩጥ ማለት ነው እንጂ እንደ ወሬ አይደለም። ሐጂ አሊዬ አንድ ቃል እንግሊዝኛ ሳያውቁ የነገሩኝ ይህንኑ ነበር። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሌ አዘንኩ።

ከዚያ ወዲህ ሩጫዬ አማረበት። እንዲያውም ሰው በእኔ መልእክት መላክ ጀመረ፤ ለእከሌ እንዲህ በልልኝ፣ ለእነ እከሌ ልጃቸው ደህና ገብቷል በልልኝ። አያ ሰይድም ያ ለቅሶ ካለፈ በኋላ እየመጣ ድልድዩ ላይ ይጠብቀኝ ጀመር። መጀመሪያ በግማሽ መንገድ እየደከመው፣ በኋላ እስከ ድልድዩ፣ ጣት በጎደለው እግሩ። ሞቷል ብሎ ቃሬዛ ያመጣልኝን ሕዝብ ቁጭ ብዬ ልጠብቅ እንዴ አለኝ። አረፋ ደረሰ፤ ደሴ ሄድኩ፤ ስኳሬ ወርዷል። መርፌው ለጊዜው ቀረልኝ። ሐኪሙ ምን አድርገህ ነው ሲለኝ ሰላምታ አልኩት።

ባለፈው ጁምዓ ማለዳ ሰዓቱ ተንዘረዘረ። ዛሬ ሩጫ የለም፣ የእረፍት ቀን ነው ይላል። አሠልጣኝ ካለ አለ ነውና ተመልሼ ተኛሁ። ሐጂ አሊዬ በመስጊዱ በር ሳላልፍ ብቀር ቤት ደወሉ። ሐዋ እሳት ላይ የጣደችው ሊገነፍልባት ነበር፤ አሳጥራ ነው የመለሰችው።

"ሙሄማ ዛሬ አርፏል።"

ስነቃ ደጄ በባጃጅ ድምፅ ተሞልቷል። የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተና ከሁሉ ቀድሞ የገባው አያ ሰይድ ነበር። ድልድዩ ላይ ሲጠብቀኝ ሞቴን ሰምቶ፣ ባጃጅ እንኳ ሳይጠራ በእግሩ መጥቷል። ምርኩዙ የለም፤ መንገድ ላይ ጥሎታል። ብድግ ብዬ አሰላሙ አለይኩም አልኩት። አፉን ከፈተ። ድምፅ የለም። አልጋዬ ላይ ደግፌ አስቀመጥኩት፤ ቀስ በል፣ ሐጂ ያሉትን አስታውስ እያልኩ ሰዓቴን ፈትቼ እጁ ላይ አሰርኩለት። ሰዓቱ ጥቂት አሰበ፤ ከዚያ ተንዘረዘረና፣ ቀይ ሆኖ፣ ሃይ አለ።