ስለ ሲስተር ፈህሚያ ዲግሪ፣ ሲስተር ፈህሚያ በሌለችበት የተካሄደ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 9፡00 ሰዓት
ቦታ፦ ጎንደር፣ ቀሐ፣ የወ/ሮ ሙሚና ሳሎን

የተገኙ፦
ሐጂ ኸሊል፣ የፈህሚያ አጎት፣ የጨርቅ ነጋዴ፦ ሰብሳቢ (ራሳቸውን የመረጡ)
ወ/ሮ ሙሚና፣ እናቷ፦ አባል
ሱሀይብ፣ ወንድሟ፣ ሞባይል ጠጋኝ፦ አባል
ዐዚዛ፣ የሱሀይብ ባለቤት፦ ጸሐፊ (እንድትጽፍ እንጂ እንድትናገር ያልተመረጠች)

ያልተገኘች፦ ሲስተር ፈህሚያ። ጤና ጣቢያ ተረኛ ናት። የምትማረው እሷ ብትሆንም፣ ያለ እሷ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ በሙሉ ድምፅ ተረጋግጧል።

ስብሰባው የተጠራው ፈህሚያ እራት ላይ «ዲግሪዬን በኦንላይን ልማር ነው፤ አንድ ነገር እንድታግዙኝ እፈልጋለሁ» በማለቷ ነው። ነገሩ ምን እንደሆነ ሳትናገር ኮሚቴ ተቋቁሟል።

አጀንዳ 1፦ ኦንላይን ትምህርት፣ ትምህርት ስለ መሆኑ

ሰብሳቢው አጥርና ዘበኛ የሌለው ትምህርት ቤት ሰምተው እንደማያውቁ ገለጹ። ሱሀይብ ዘበኛው የይለፍ ቃል መሆኑን አስረዳ። ሰብሳቢው የይለፍ ቃል የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ ለጊዜው ትምህርት እንዲባል ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ መስክ መምረጥ

ሰብሳቢው ለሱቃቸው የሂሳብ ሠራተኛ ስለሚያስፈልግ አካውንቲንግ እንድትማር ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ሙሚና «ምነው፣ ፋርማሲ አይሻልም? ቁጭ ተብሎ ይሠራል» ሲሉ ተቃወሙ። ሱሀይብ የፈህሚያ ሰርግ ስላለ ቶሎ የሚያልቀው ይመረጥ አለ። ሲጠየቅ፣ ሙሽራው ገና አለመገኘቱን አመነ። ጸሐፊዋ ልጅቷ ነርስ መሆኗን ለማስታወስ እጇን አወጣች፤ እስክሪብቶ የያዘ እጅ እንደማይቆጠር ተነገራት።

ከረጅም ውይይት በኋላ አካውንቲንግ እንድትማር፣ ፋርማሲ እንድትከፍት፣ ሁለቱንም ከሰርጉ በፊት እንድትጨርስ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ፈህሚያ ከነጋዋኗ ገባች። ውሳኔው ተነበበላትና እንድትፈርም ተጠየቀች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ሌላው ሰው እንዳልሳቀ ስታይ ተወችው።

«አጎቴ፣ መርፌ አያያዝ ያሳየኋት ልጅ ዲግሪ ስላላት ዛሬ አለቃዬ ናት። ሸጋ ልጅ ናት፣ አልቀናሁባትም። ግን እኔም ልማር።»

ከዚያም የነርስነት ዲግሪ መምረጧን፣ ዕውቅና ያለው መሆኑን አጣርታ መመዝገቧን፣ ተግባራዊ ልምምዱንም እዚያው በምትሠራበት ጤና ጣቢያ እንደምታደርግ አስረዳች።

«ታዲያ እኛን ለምን አስቸገርሽ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ማታ ማታ ዕቃ እንዳላጥብ፣ ቴሌቪዥኑም እንዲቀነስልኝ ልለምናችሁ ነበር። ሌላ አልጠየቅሁም።»

ሁሉም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ። መዞር የሚመዘገብበት ተራ ቁጥር ስለሌለ ታልፏል።

ሰብሳቢው የዕቃ አጠባውን ጉዳይ የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ሙሚና ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠርገው «ሐጂ፣ ይተዉን እስቲ! ልጄ ደክሟታል» ስላሉ ሐሳቡ ወድቋል።

በዚህ መሐል የፈህሚያ ትምህርት ጀመረ። መምህሩ በስልኳ «ትሰሙኛላችሁ?» ሲሉ፣ ሰብሳቢው «አልሐምዱሊላህ፣ በደንብ!» ብለው መለሱ። መምህሩ «ማይክ ያልዘጋችሁ ዝጉ» አሉ። ሰብሳቢው ያለ ውይይት የተቀበሉት የመጀመሪያው ትእዛዝ ይኸው ነው።

ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ኮሚቴው ፈርሷል። ሱሀይብ ተቃውሞው ተመዝግቦለት ዕቃ ያጥባል። ሐጂ ኸሊል ትንፍሽ ላይሉ ቃል ገብተው ትምህርቱን እንዲያዳምጡ ተፈቅዶላቸዋል።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡15 ሰዓት፣ መምህሩ ስለ ልብ ማስተማር ሲጀምሩ፣ በጣት ምልክት ተበተነ።