ከሽማግሌው ኪስ የወጣው ሩዝ

አለኸኝ፦ መጀመሪያ የመጣነው መስከረም ሃያ አንድ ነበር። የብዙኃን ማርያም ዕለት። ነው እንዴ? ወይስ ማግስቱ?

መንግሥቴ፦ የመስቀል ዕለት ነው! የደመራው አመድ ገና ይጨስ ነበር።

አለኸኝ፦ አይደለም። የመስቀል ዕለትማ እኔ ከጓሮ አልተመለስኩም። አንጀቴ ያስታውሰዋል።

መንግሥቴ፦ ሰው ዘመን የሚቆጥረው በባሕረ ሐሳብ ነው፤ አንተ በአንጀትህ!

[ሁለቱ ሰዎች የተቀመጡት ቁሐር ሚካኤል፣ ከአቶ ኪዳነ ማርያም አጥር ውጭ፣ በወደቀ ግንድ ላይ ነው። ከፊታቸው ሩዙ ቢጫ ሆኖ እስከ ጣና አፋፍ ተዘርግቷል። የአቶ ኪዳነ ማርያምን ልጅ ሰገንን ለአለኸኝ የእህት ልጅ ለሰውመሆን ሊጠይቁ ሽማግሌ ሆነው ሲመጡ ይህ ሦስተኛቸው ነው። አባትየው አሁን ገና «እስቲ ወጣ በሉልን፣ እንማከር» ብለው አስወጥተዋቸዋል። የገና ጾም ደርሷል፤ ዛሬ እሺ ካልተባሉ የጥር ሠርግ የለም። አለኸኝ አንጀቱ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ነው። ሐኪሙ «አይለቅህም፤ ከተጠነቀቅክ ግን አይጥልህም። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ብላ» ብሎታል። እጁ ቀስ ብሎ ወደ ኮቱ ኪስ ይገባል።]

መንግሥቴ፦ አውጣ እጅህን ከኪስህ!

አለኸኝ፦ አንጀቴ ባዶ ሲሆን ይጮኻል።

መንግሥቴ፦ ይጩህ! ሽማግሌ ቃሉን ሳይቀበል ውሃ እንኳ አይቀምስም። አባቶቻችን የሠሩት ሥርዓት ነው።

አለኸኝ፦ ሥርዓቱ የሰው ቤት እህል አትቅመሱ ይላል እንጂ የራሳችሁን አትብሉ አይልም።

መንግሥቴ፦ ደግሞ ይከራከረኛል! ከወረታ እስከ ወንዛዬ፣ መንግሥቴ ሽማግሌ ሆኖለት ሚስት የተከለከለ ሰው አለ?

አለኸኝ፦ የአድማሴ ልጅ።

መንግሥቴ፦ እሱማ ሙሽራው ራሱ ጠፍቶ ነው! ይልቅ መያዝህ ካልቀረ እንደ ሰው ቆሎ ብትይዝ ምን ነበረበት? ሽማግሌ ከኪሱ ቆሎ ዘግኖ ሲያወጣ ያምርበታል። የሩዝ ድቡልቡል!

አለኸኝ፦ ቆሎ ለኔ ጠጠር ነው። ሽንብራውንም ሞከርኩ፣ ጓያውንም ሞከርኩ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፋጨኝ ያድራል። ሙዝ ደህና ነበር፤ ኪስ ውስጥ ይጨማለቃል። ድንችም ደህና ነበር፤ ስቀመጥበት ይፈረካከሳል። ሩዝ ግን ለስልሶ ተቀቅሎ፣ ጨው ነካ ተደርጎ ሲድቦለቦል ሆዴ እንደ ዘመድ ይቀበለዋል።

መንግሥቴ፦ ፌጦ በሎሚ በጥብጠህ ጠጣ አላልኩህም?

አለኸኝ፦ ጠጥቼዋለሁ።

መንግሥቴ፦ እና?

አለኸኝ፦ የመስቀል ዕለት ከጓሮ ያልተመለስኩት በሱ ነው።

[መንግሥቴ ኮፍያውን አውልቆ ያራግፋል፤ አቧራ ግን የለበትም።]

መንግሥቴ፦ ለመሆኑ ዛሬ ያጠፋኸውን ጥፋት ታውቀዋለህ?

አለኸኝ፦ የትኛውን?

መንግሥቴ፦ የትኛውን ይላል! እኔ ቆሜ ልጁን ሳወድስ፣ በሬውን ስል፣ ማሳውን ስል፣ አንተ ከኪስህ ሩዝ አውጥተህ ለልጅቱ አባት አልዘረጋህም? ልጅ ሊጠይቅ ሄዶ አባቷን የሚያጎርስ ሽማግሌ የት አገር ታይቷል?

አለኸኝ፦ አላጎረስኳቸውም። ዘረጋሁ፤ እሳቸው ወሰዱ።

መንግሥቴ፦ ለምን ዘረጋህ?

አለኸኝ፦ ፊታቸውን አይቼ።

መንግሥቴ፦ ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ነው! የሰው ፊት ማንበብ ለኔ ተወው። በንግግሬ መሀል እየተነሡ አልወጡም?

አለኸኝ፦ ወጥተዋል። ደጋግመው።

መንግሥቴ፦ ንቀት! መጀመሪያ የመጣን ዕለት በግራ እጃቸው ጎናቸውን ይዘው አልነበረም የሚያዳምጡን?

አለኸኝ፦ ይዘው ነበር። ጠበቅ አድርገው።

መንግሥቴ፦ ኩራት! በሁለተኛውስ? «ሌላ ቀን ኑ» ብለው፣ ሳንመርቃቸው፣ ነጠላቸውን መደቡ ላይ ጥለው ብድግ አላሉም?

አለኸኝ፦ ብለዋል።

መንግሥቴ፦ ጥላቻ! ሰው ነጠላውን ጥሎ የሚሄደው ሲጠላ ነው።

አለኸኝ፦ ወይም ሲቸኩል።

መንግሥቴ፦ በገዛ ቤቱ ወዴት ይቸኩላል?

[አለኸኝ ወዴት እንደሚቸኮል ያውቃል። ግን የሰው ገመና ነውና አፉን ይይዛል።]

መንግሥቴ፦ ዛሬ ደግሞ የጠየቁትን ሰምተሃል። «መጸዳጃችሁ ከቤቱ ይርቃል?» ይበሉን! መሬቱ ምን ያህል ነው አላሉ፣ ላም አለው ወይ አላሉ! ከዚህ በላይ ስድብ አለ?

አለኸኝ፦ እኔ መለስኩላቸው።

መንግሥቴ፦ መለስክላቸው! «ቅርብ ነው፣ ከጓዳው በር ወጣ እንዳሉ፣ በክረምትም ውሃ አይገባበትም» አልካቸው፤ ልክ እንደ ቤት ደላላ!

አለኸኝ፦ ደስ አላቸው እኮ።

መንግሥቴ፦ ሳቁብህ! ይህስ ባልከፋ። ሩዝህን ቀምሰው «ማነው የሠራው?» ሲሉህ ይርገዱ ናት አትልም? ሚስትህ ናት፣ ማን ይጠረጥርሃል?

አለኸኝ፦ የሠራው ሰውመሆን ነዋ።

መንግሥቴ፦ [ራሱን በሁለት እጁ ይዞ] ሙሽራው! ሙሽራው ድስት ያማስላል ብለህ ለአማቱ ትናገራለህ? እኔ «ሞፈር ከእጁ አይለይም» ብዬ ሳልጨርስ!

አለኸኝ፦ ሞፈርም ይይዛል። ግን ባለፈው ክረምት ውሃው ሞልቶ መንገዱን ሲዘጋው ይርገዱ ለገበያ እንደሄደች ወረታ ቀረች። እኔ እንደ ጨርቅ ተዘርሬያለሁ። ቤት ውስጥ ያለው ልጁ ብቻ ነው። መጀመሪያ አሳረረው። ቀጥሎ ጥሬውን አወጣው። እየቆየ ግን እጁ ገባለት። መንግሥቴ፣ ያን ሰሞን እሱ ባይኖር ዛሬ ግንድ ላይ ተቀምጠህ የምትቆጣው ሰው አይኖርም ነበር።

[መንግሥቴ ኮፍያውን መልሶ ራሱ ላይ ይደፋል።]

መንግሥቴ፦ ደህና፣ ለኔ ነገርከኝ። ለእሳቸው ግን እንዳትነግር።

አለኸኝ፦ ነግሬያቸዋለሁ። አንተ ጉሮሮህን ስትጠራርግ።

መንግሥቴ፦ ምን አሉ?

አለኸኝ፦ ምንም። ሰገንን አዩዋት። እሷም መሬት መሬቱን አየች። ከዚያ ነው ወጣ በሉልን ያሉን።

መንግሥቴ፦ በቃ፣ አለቀ። ድስት ለሚጥድ ወንድ ልጁን የሚሰጥ አባት ፎገራ ላይ አልተወለደም። የእህትህን ልጅ በገዛ አፍህ ቀበርከው።

[አለኸኝ ቅስሙ ይሰበራል። ሰውመሆን ጠዋት ኮቱን ሲያስለብሰው፣ ኪሱን በሩዝ እየሞላ፣ «አጎቴ፣ እንዳይርብህ» ብቻ ነበር ያለው። ስለ ሰገን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሐሳቡ ግን ድስቱ ላይ አልነበረም። የዛሬው ድቡልቡል አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ የሆነው ለዚያ ነው። ይህን ሲያስብ የአጥሩ በር ይከፈታል። ሰገን የሚተን ጣባ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ትመጣለች፤ እንደ ፈገግታ ያለ ነገር ከንፈሯ ላይ አለ። ጣባውን አለኸኝ ፊት ታስቀምጣለች።]

መንግሥቴ፦ ልጄ፣ መልሺው! ቃላችንን ሳንቀበል አንቀምስም! ሥርዓት እናውቃለን በያቸው!

[ሰገን ደነገጠች። ፈገግታዋ ጠፋ። ጣባውን ልታነሣ ጎንበስ አለች።]

አለኸኝ፦ ተይው፣ ልጄ። [ጣባውን በሁለት እጁ ይይዛል።]

መንግሥቴ፦ አለኸኝ! አንዲት ጊዜ ፉት ብትልላት ጉዳችን ነው!

አለኸኝ፦ ሽማግሌ እህል የማይቀምሰው እስከ መቼ ነው?

መንግሥቴ፦ ቃሉን እስኪቀበል!

አለኸኝ፦ ባለቤቶቹስ ይህን ያውቃሉ?

መንግሥቴ፦ እንዴት አያውቁም! ሕፃን የሚያውቀውን!

አለኸኝ፦ እያወቁ እህል ከላኩልን ታዲያ ምን ማለታቸው ነው?

መንግሥቴ፦ ሊፈትኑን ነው! ሊያዋርዱን ነው! ሊ... [አፉ እንደተከፈተ ይቀራል።]

[አለኸኝ ፉት ይላል። የሩዝ አጥሚት ነው፤ በርበሬ አልነካውም፣ ጓጉል የለበትም፣ ለብ ብሎ ወርዶ አንጀቱን ይዳብሰዋል። ሰገን ይህን አይታ ወደ ቤት ትሮጣለች። ወዲያው ከውስጥ እልልታው ይቀልጣል።]

መንግሥቴ፦ [በሹክሹክታ] መልሺው ብያት ነበር እኮ።

አለኸኝ፦ ሰምቻለሁ።

መንግሥቴ፦ እሺ ብለው ሲልኩልን፣ አንፈልግም ብዬ ልመልስ ነበር።

አለኸኝ፦ ከነሥርዓቱ።

መንግሥቴ፦ ቤታችን ስንገባ ይህን ለማንም አትናገርም።

አለኸኝ፦ ማን ይጠይቀኛል? አዋቂው አንተ ነህ።

መንግሥቴ፦ የኔስ ጣባ የታለ?

አለኸኝ፦ ላንተ በርበሬ ያበደበት ይመጣልሃል። ይህን ግን ቅመሰው እስቲ። ዛሬ የጀመረ እጅ እንዲህ አያለሰልስም። እዚህ ቤት በየቀኑ የሚሠራለት ሰው አለ።

መንግሥቴ፦ ለማን፣ አራስ አለች?

[አለኸኝ ሳይመልስለት አቶ ኪዳነ ማርያም ከበሩ ብቅ ይላሉ። አለኸኝ ሊጠይቃቸው ያዘጋጀው አንድ ነገር አለ፦ ሰገን ወደ እኛ ስትመጣ ለእርስዎ ማን ያማስልልዎታል? ሰውመሆን እየተመላለሰ ቢሠራልዎት ይከፋዎታል? ግን ቀድሞ ብድግ ያለው መንግሥቴ ነው።]

መንግሥቴ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አያ ኪዳነ ማርያም! እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ እኛና እርስዎ እንደ አንድ አካል፣ እንደ አንድ...

[አቶ ኪዳነ ማርያም በግራ እጃቸው ጎናቸውን ይዘው፣ ግራ ቀኝ ሳያዩ፣ በሁለቱ መሀል አልፈው አጥር አጥሩን ወደ ጓሮ ይፈጥናሉ። ነጠላቸው እሾህ ይዞት ይቀራል። የአለኸኝ ጥያቄ አፉ ውስጥ እንዳለ እሳቸው ከዓይን ተሰወሩ።]

መንግሥቴ፦ አየህ! አላልኩህም? ጥለውን ሄዱ! ደግሞም ነጠላቸውን ጥለው!

አለኸኝ፦ [ነጠላውን ቀስ አድርጎ ከእሾሁ እያላቀቀ] ደስ ይበልህ እንጂ፣ መንግሥቴ። አሁን ዘመድ ሆንን ማለት ነው። ባዕድ ብንሆንማ እንደምንም ችለው፣ ቆመው ሰላም ይሉን ነበር።