የደረጃው መንግሥታት

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ጡረተኛው የጂኦግራፊ አስተማሪ መምህር ሸዋንግዛው ሶፋ ላይ ጋደም እንዳሉ ሕልም አዩ። ያዩትም የገዛ ትምህርታቸውን ነበር። ሰላሳ ዓመት ሙሉ «ጦርነት የሚያመጣው የአገር ስፋት ነው፤ ዓለም በየከተማው ብትከፋፈል ሰው ከሚያውቀው ጎረቤቱ ጋር አይዋጋም» ሲሉ ኖረዋል። አራተኛ ፎቅ ከሚኖሩት የልብ ወዳጃቸው ከአቶ ንጋቱ ጋር በልብስ ማስጫ ገመድ ሰበብ ተኳርፈው ሦስት ወር እንዳለፋቸው ግን ለተማሪ አይነገርም።

በሕልሙ ትልልቆቹ አገሮች ሁሉ ፈርሰዋል። የሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ብቻውን አርባ መንግሥት ወጥቶታል፤ የሁሉም ባንዲራ የተሰጣ አንሶላ ነው። ሌቦች ዳኞችን ችሎት ያቆማሉ። ጄኔራሎች አፈር ላይ ብይ ይጫወታሉ፤ ሕፃናት ደግሞ «ተዉ፣ ትቆሽሻላችሁ» እያሉ ይቆጧቸዋል። መምህር አንድ ጆግ ትኩስ አጥሚት ይዘው፣ ታመው ለተኙት ለአቶ ንጋቱ ሳይበርድ ሊያደርሱ ከሦስተኛ ፎቅ ተነሱ። ሰውየው መታመማቸው እውነት ነው። ሕልሙ የጨመረው አጥሚቱን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ኮፍያ ያደረገች በግ አስቆመቻቸው።

«ፓስፖርት።»

«እመቤቴ፣ እዚሁ ጎረቤት ነኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለም?»

«እሱ አገር ትልቅ በነበረ ጊዜ ነው። አሁን ጎረቤት ማለት የውጭ ዜጋ ነው» አለች በጓ። «በል ለቀረጡ አንዴ ጎንጨት ላድርግ።»

ጎንጨት አድርጋ አሳለፈቻቸው። ሁለተኛው ደረጃም ራሱን የቻለ አገር ነበር፤ እዚያም ተጎነጩላቸው። ፎቁ ሳይጋመስ ጆጉ ተጋመሰ። መምህርን የከነከናቸው ግን ከበጓ በቀር ፈታሾቹ ሁሉ የሚያውቋቸው ሰዎች መሆናቸው ነው።

«ልጆች ደህና ናቸው ሸዋንግዛው? ጫማህን አውልቅ» አለ አንዱ።

እንደምንም የአቶ ንጋቱ በር ታየ። ሦስት ደረጃ ሲቀር ግራ እግራቸው ነጻነቱን አወጀና ቆመ።

«እሱ ቀድሞ ይቅርታ ይበል» አለ ግራው።

«ሰው ታሞ?» አለ ቀኙ።

መምህር አፈሩ። ያን ሁሉ ዘመን ካርታ ላይ ሲፈልጉት የኖሩት ጠብ ካልሲያቸው ውስጥ ተገኘ።

«አይዞህ፣ እንኳን ሰውና ሰው እግርና እግርም ይጋጫል» አለች በጓ ከኋላ። በሩ ገርበብ አለና «ሸዋንግዛው፣ አንተ ነህ?» የሚል የደከመ ድምፅ ተሰማ። መምህር አቤት ሊሉ አፋቸውን ቢከፍቱ ምላሳቸውም ኤምባሲውን ዘግቷል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ትከሻቸውን ነቀነቋቸው።

«ተነስ እንጂ፣ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ በር ላይ ቆሟል። በእኛና በአራተኛ ፎቅ መካከል የብረት በር ሊያስገጥሙ ነው። ያንተ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

«ንጋቱስ?»

«እሳቸውማ ፈርመዋል። በሽታቸውን ይዘው በእግራቸው ወርደው ፈረሙ። አሁን መውጣት አቅቷቸው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለዋል።»

«ታዲያ የሚደግፈው ጠፋ?»

«ኮሚቴው እንደግፍዎ ብሎ ነበር፤ እንቢ አሉ። ‹ተዉኝ፣ ሸዋንግዛው ፈርሞ ሲጨርስ ያወጣኛል› ነው የሚሉት።»