የእትዬ ሙሉጌጥ ራይት ክሊክ

በየመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ባገኘው ቦታ ትቶ ማለፍ የማይችል አንድ ሰው አይጠፋም። ወንበር ያዞራል፣ መጋረጃ ይሰበስባል፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ እንኳ የድንኳኑን ምሰሶ ፈቀቅ ያደርጋል። ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ በነበረው መሥሪያ ቤታችን ይህ ሥልጣን የክብርት ፀሐፊያችን የእትዬ ሙሉጌጥ ነበር። "ይኼማ እንዲህ አይቀመጥም" ካሉ አለቀ።

እትዬ ሙሉጌጥ ሃያ ዓመት በጽሕፈት መኪና ሠርተዋል። ኮምፒውተር ሲመጣ እኩዮቻቸው ፈሩት፤ እሳቸው ግን ታዘቡት። በተለይ ራይት ክሊክ ሲያደርጉ፣ ማለትም የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ሲጫኑ፣ የሚዘረገፈው ዝርዝር አናደዳቸው። "እኔ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ እሱ ሃያ ይደረድርልኛል። ያውም በእንግሊዝኛ።" ሊጠግን የመጣውን ቴክኒሻን ሮቢን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ሦስት ቀን ሻይ እያጠጡ፣ ዝርዝሩ እንዴት እንደሚቀነስና እንደሚጨመር ጠይቀው በደብተራቸው ጻፉ። ሮቢ ሲወጣ "እኔም ገና አሁን በደንብ ገባኝ" አለኝ።

በሳምንቱ የእሳቸው ራይት ክሊክ አማርኛ ተናገረ። "ለፊርማ" ሲሉት ፋይሉ ኃላፊው ዘንድ ይሄዳል። "ለመዝገብ ቤት" ሲሉት መዝገብ ቤት ይደርሳል። "ለክፉ ቀን" ሲሉት ደግሞ አንድ ቅጂ በኔትወርኩ አድርጎ የእሳቸው ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጣል። እዚያ ቫይረስ እንዳይገባ የፍላሽ መሰኪያውን በፕላስተር ደፍነውታል።

ከዚያ ወደ እኛ ተሻገሩ። አንድ ቀን ምሳ በልቼ ስመለስ የእኔም ተቀይሮ ጠበቀኝ። ኮፒ ላደርግ ስል ጣቴ "ለክፉ ቀን" ላይ ያርፋል።

"እትዬ፣ ይቺን ወደ ታች ያውርዱልኝ። ሳላስበው እየነካኋት ተቸገርኩ።"

"አስበህማ አትነካትም፤ አውቅሃለሁ" አሉኝ።

ጊዜው ቢፒአር የሚባለው የአሠራር ለውጥ የተጧጧፈበት ነበር። እኛ ዘንድ ወራት ሙሉ ሰልጥነን የተለወጠው የቢሮ ቁጥር ብቻ ነው። እውነተኛውን ለውጥ ያመጡት እትዬ ሙሉጌጥ ነበሩ፤ ኃላፊያችን አቶ ደበሌ ግን አልተቀበሉትም። ከአዲስ አበባ ስብሰባ ተመልሰው የራሳቸውን ኮምፒውተር ራይት ክሊክ ቢያደርጉ፣ "ተፈርሟል"፣ "ይመለስ" እና "ነገ ይታያል" የሚሉ ሦስት ቃላት ወጡላቸው። ሦስተኛዋን እንደ ሽሙጥ ቆጠሯት። ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደ ነበሩበት ይመለሱ የሚል ደብዳቤ ወጣ፤ ደብዳቤውን ታይፕ ያደረጉት ራሳቸው እትዬ ሙሉጌጥ ናቸው።

ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ የሠሩትን አፈረሱ። እኔ ጋ ሲደርሱ "የእኔን ይተዉት" አልኳቸው።

"ትዕዛዝ ነው።"

"ለምጄዋለሁ።"

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና የእኔን ሳይነኩ ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ አለፉ።

ከሁለት ወር በኋላ የቱላ ክፍለ ከተማ መምህራን የቤት መሥሪያ ቦታ ዕጣ በእኛ ግቢ የሚወጣበት ቀን ደረሰ። መቶ ሰማንያ ስድስት መምህራን አራት ዓመት ጠብቀዋል፤ ተጣርቶ ያለቀው የስም ዝርዝር እኔ ኮምፒውተር ላይ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አቶ ደበሌ ዝርዝሩን ልውሰድ ብለው ፍላሻቸውን ሰኩ። ፍላሹ ቫይረስ ነበረበት። ፋይሎቼ ዓይናችን እያየ አንድ በአንድ የማይከፈቱ ሆኑ። ማመልከቻዎቹን እንደገና ለማጣራት ቢያንስ ሁለት ወር ይፈጃል። ግቢው በመምህራን ሞልቷል። መምህርት ሮማን የምትባል፣ ሦስት ልጆቿን በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት የምታሳድግ፣ በመስኮት ብቅ ብላ "ዛሬም ቀጠሮ ነው እንዴ?" አለች። አቶ ደበሌ ላብ አጠመቃቸው።

እትዬ ሙሉጌጥ ከወንበራቸው ሳይነሱ ጠየቁኝ።

"ትናንት ከመውጣትህ በፊት ዝርዝሩን ኮፒ አድርገህ ነበር?"

"አድርጌያለሁ።"

"በመጀመሪያው ተሳክቶልህ ነው?"

"የለም፣ እንደ ልማዴ ሌላዋን ነክቼ..."

ቀና ብለን ተያየን። ወደ ኮምፒውተራቸው ዞረው የ"ለክፉ ቀን"ን ፎልደር ከፈቱ። መቶ ሰማንያ ስድስቱም ስም፣ አባት፣ አያት ሳይጎድል ቁጭ ብሏል። ፕሪንተሩ ሲያጓራ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሦስት ሰዓት ላይ ዕጣው በሰዓቱ ተጀመረ። መምህርት ሮማን የማዕዘን ቦታ ደረሳት፤ እልልታው መንገድ ተሻግሮ ተሰማ።

ሕዝቡ ሲበተን አቶ ደበሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው እትዬ ሙሉጌጥ ፊት ቆሙ።

"እትዬ ሙሉጌጥ፣ ያችን ነገር የእኔም ላይ ይመልሱልኝ።"

"በደብዳቤ ነው ያስነሱት" አሉ እትዬ፤ "በደብዳቤ ያስመልሱ።"

አቶ ደበሌ ጻፉ። እትዬም ጉዳዩ ግልጽ አይደለም ብለው አንዴ ከመለሱባቸው በኋላ ተቀበሉ። በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ በአማርኛ ራይት ክሊክ ማድረግ ጀመረ።

ዛሬ እትዬ ሙሉጌጥ ጡረታ ወጥተዋል። እኔ ባለፈው ቅዳሜ ላፕቶፕ ገዛሁ። ባለቤቴ ኤደን ገና ካርቶኑን ልትከፍት ስትል ከለከልኳት፤ እንደታሸገ ታቅፌው ባጃጅ ተሳፈርኩና በራቸውን አንኳኳሁ። እትዬ ከፍተው እኔንም ካርቶኑንም አዩና መነጽራቸውን ሊያመጡ ገቡ።